የአምባሰሉ ዋሽንት

«ውሃው ነው የገደለው! ከአምለሰት እጅ የተቀበለው ውሃ ነው!»

የኮሌጁ አዳራሽ ጠባቂ እትዬ ሀብትነሽ ይህን ለአትክልተኛውም፣ ለባጃጅ ነጂውም፣ በበሩ ላለፈ ጋሪ ሁሉ ነግረዋል። ምክትል ኢንስፔክተር ሰብለ ስትደርስ ወሬው ጠጥቶ ወፍሮ ነበር።

የሙዚቃ መምህራን ማኅበር ሊቀ መንበር፣ የዋሽንት መምህሩ እጅጉ፣ መድረኩ ላይ ተዘርሯል። ማኅበሩና ኮሌጁ ፍኖተ ሰላም ላይ በጋራ ያሰናዱትን የ1998ቱን የተማሪዎች የሙዚቃ ቀን ሊከፍት ተነስቶ፣ አንዲት ዜማ ሳይጨርስ ተደፋ። በስምምነታቸው መሠረት ኮሌጁ የሙዚቃ ክፍል ይከፍታል፤ ኃላፊው ማን እንደሆነ የሚነገረው በዚያው ቀን ነበር። ከእጅጉ ሌላ የገመተ የለም።

የክራር መምህርቷ አምለሰት እጇ ታስሮ፣ በፖሊስ ተጠብቃ ጥግ ተቀምጣለች። ያን ጧት ከቡሬ ይዛቸው የመጣቻቸው ተማሪዎቿ በር ላይ ያለቅሳሉ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የፖሊስ መኪና መጥታ ልትወስዳት ነው።

«ከዚያው ጆግ እኔም ጠጥቻለሁ» አለች። «እኔን ለምን ማረኝ?»

ሰብለ ወደ አሮጊቷ ዞረች። «እትዬ፣ ያወሩትን ሰምቻለሁ፤ አሁን ደግሞ ያዩትን ይንገሩኝ።»

«ምን አያለሁ ልጄ! በማለዳ ስጠርግ ወንዳወቅ ብቻውን በማሲንቆ አምባሰል ይመታል፤ አንጀት ይበላል። ኋላ እጅጉ መድረክ ወጣ። ‹ዋሽንቴን ሳላጠጣ አልጠጣም› ይል የለ? እንደ ልማዱ ውሃውን ዋሽንቱ ውስጥ ጨምሮ አራሰው፤ ቀሪውን ከዚያው ከዋሽንቱ ጎነጨው። ያ ውሃ ነው እኮ የምልሽ!»

ሰብለ ሬሳው አጠገብ የወደቀውን ዋሽንት በጨርቅ ይዛ አሸተተችው። የተባይ መድኃኒት ከረፋት። በሟቹ ማኅደር የቀሩት፣ ለሌሎቹ ቅኝቶች የተሠሩት ሦስት ዋሽንቶች ግን ሸምበቆ ሸምበቆ ብቻ ይላሉ።

አምለሰት ከጥግ ሆና አየችው። «ይሄማ የአምባሰሉ ነው! ምን ሊያደርግለት አወጣው? መክፈቻው ትዝታ አልነበር?»

ሰብለ የአምለሰትን ክራር አንስታ ክሮቹን በተራ ነካካች። የተቃኘው በትዝታ ነው።

ምክትል ዲኑ ዓለምብርሃን ላብ አጥምቆታል። «መክፈቻውን እጅጉ ትናንት ቢሮዬ መጥቶ ወደ አምባሰል ለወጠው። ወረቀቱ ታትሞ አልቆ ስለነበር እኔ ለማንም አልነገርኩም።»

«እስቲ ከማኅደሩ የትዝታውን ዋሽንት ያቀብሉኝ።»

ሦስቱንም አቅፎ አመጣቸው። «ኧረ እህቴ፣ ሁሉም ሸምበቆ አይደል?»

የማሲንቆው መምህር ወንዳወቅ እግሩን አነባብሮ ጠበቃት።

«ጋሼ ወንዳወቅ፣ መክፈቻው ምን ነበር?»

«ትዝታ ነዋ! ወረቀቱን አላነበብሽም? እኔ እንደሁ አጃቢ ነኝ፤ ያሉኝን ነው የምመታ።» ‹አጃቢ› የምትለዋን ቃል እንደ ኮሶ ተፋት።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሩብ ሲቀረው ሰብለ ሁሉንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበች።

«መርዙ ጆጉ ውስጥ ቢሆን አምለሰትም በሞተች ነበር። የነበረው ዋሽንቱ ውስጥ ነው፤ ያውም ከአራቱ በአንዱ። ስለዚህ ገዳዩ ሁለት ነገር ያውቃል፦ እጅጉ አምባሰል እንደሚነፋ፣ የአምባሰሉም ዋሽንት የትኛው እንደሆነ። አምለሰት ዋሽንቱን ትለያለች፤ መክፈቻው መለወጡን ግን አልሰማችም፤ ክራሯ ይመስክር። ዲኑ ለውጡን ያውቃሉ፤ ዋሽንት ግን ከዋሽንት አይለዩም።»

«እያስመሰሉ ቢሆንስ?» አለ ወንዳወቅ።

«እሱንም አስቤዋለሁ። እርሳቸው ግን ማወቃቸውን አልሸሸጉም። ለውጡን እያወቀ አላውቅም ያለኝ አንድ ሰው ብቻ ነው። ጋሼ፣ መክፈቻው ትዝታ ከሆነ፣ በማለዳ ብቻዎን አምባሰል ምን ያስመታዎታል?»

እትዬ ሀብትነሽ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ወንዳወቅ ማሲንቆውን ቀስ ብሎ ወለሉ ላይ አጋደመው።

«ሃያ ዓመት አጀብኩት» አለ። «በየሰርጉ፣ በየመድረኩ። ጭብጨባው ለሱ፣ የፈረሱ ጭራ ለኔ! ትናንት ደግሞ ሳቅ እያለ ‹ለአምባሰል ተሰናዳ፤ ለሌላ ሰው አትንገር› አለኝ። አዛዥ! ዛሬ ደግሞ ክፍሉ ሊጨመርለት!»

የአምለሰት እጅ ተፈታ፤ በተላከችላት መኪና ወንዳወቅ ሄደ። ተማሪዎቿ ተጠመጠሙባት።

አዳራሹ ሲጎድል ዓለምብርሃን ከኪሱ የታሸገ ፖስታ አውጥቶ ለሰብለ ሰጣት። ከመክፈቻው ዜማ በኋላ እንዲነበብ እጅጉ ትናንት ያስረከበው ነው። ሰብለ ቀደደችው።

«መክፈቻውን ወደ አምባሰል የለወጥኩት ዛሬ ማሲንቆው እንዲመራ፣ እኔም እንዳጅበው ነው። ለክፍሉ ኃላፊነት ማኅበራችን የሚያቀርበው ወንዳወቅን ነው። ለራሱ አልነገርኩትም፤ መድረክ ላይ ይስማው።»