የተገለበጠው ፊልም

ሽማግሌው የራጅ ሐኪም ግንባራቸው ተፈንክቶ በፊልም ማንበቢያው ክፍል ወለል ላይ ሞተው ተገኙ። ከበላያቸው፣ ሳይጠፋ ባደረው የመብራት ሰሌዳ ላይ፣ አንድ የኩላሊት ፊልም ተሰቅሏል።

የፊልሙ ባለቤት ትናንት ቀዶ ሕክምና ላይ ሳለች የሞተች ሴት ናት። ባሏ ሹፌሩ «ነቀርሳ ነው ብሎ ያስገደላትን አሳዩኝ!» እያለ ኮሪደሩን ሲያናውጥ ያልሰማው አልነበረም። አሁን በካቴና ታስሮ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል፤ ዘበኛው ሳይቀር «የገዳይ ዓይን ነው ያለው» ይላል።

መርማሪዋ ግን የሰው ዓይን አይታ ፈርዳ አታውቅም። ያፈጠጠችው ፊልሙ ላይ ነበር።

«ፊልሙ ላይ የተጻፈው የታማሚዋ ስም ለምን ግራና ቀኙ ተገለበጠ?» ስትል ራጅ አንሺውን ጠየቀችው።

«እኔም ገርሞኛል። ጋሼ እንዲህ አይሰቅሉም። ታማሚዋ ፊት ለፊታችን እንደቆመች አድርገን ነው የምንሰቅለው።»

«ያነሳኸው ይህን ብቻ ነው?»

«ኧረ ሁለት ነው። ይኼኛው መድኃኒቱን በደም ሥሯ ሳንሰጣት በፊት ነው፤ እብጠት መኖሩን እንጂ ምንነቱን አይነግርም። የሚለየው ሁለተኛው ነው። ዕጢ ከሆነ መድኃኒቱን ጠጥቶ ይነጣል፤ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ከሆነ ጥቁር ክብ ሆኖ ይቀራል።»

«የታለ ታዲያ?»

«ጋሼ እጅ ነበር። ቀዶ ሐኪሙ እሱን ሳይጠብቅ ነው የገባው።»

ቀዶ ሐኪሙ ሲጠየቅ ትከሻውን ሰበቀ። «እዚያ ክፍል እግሬ ከረገጠ ሰንብቷል። እሳቸው ነቀርሳ ነው አሉኝ፤ እኔ ቀደድኩ።»

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው። ፊልሙን አውርዳ ለቀዶ ሐኪሙ ሰጠችው።

«ዶክተር፣ በየት በኩል እንደቀደዱ እስቲ ያሳዩን።»

ተቀብሎ ሰቀለው። ስሟ ተገልብጦ ታየ።

«ወይ ጉድ!» አለ ራጅ አንሺው።

«እርስዎ ኩላሊት የሚቀድዱት ከጀርባ በኩል ነው» አለች መርማሪዋ። «ስለዚህ ፊልሙንም ጀርባዋን እንደሚያዩ አድርገው መስቀል ለምደዋል። የራጅ ሰው እንዲህ አይሰቅልም። ሹፌሩ ቢሰቅለው ደግሞ የሚስቱ ስም እንዲነበብ አድርጎ ይሰቅለው ነበር። ሟቹ ሁለተኛውን ፊልም ሊያሳዩዎት ጠሩዎት። ገደሏቸው። ፊልሙን ወሰዱና ምንም የማይለየውን ሰቅለው ጥፋቱን በሙት ላይ አላከኩ።»

ከዚያም ፖሊሶች ከቀዶ ሐኪሙ ቁም ሣጥን ያወጡትን ፊልም ሰቀለች። በነጣው ኩላሊት ላይ፣ ጠርዙ የለሰለሰ ጥቁር ክብ ታየ።

ቀዶ ሐኪሙ «ሊያጋልጡኝ ነበር» ብቻ አለ።

ሹፌሩ ካቴናው ቢፈታለትም አልተነሳም። ጣቱን ወደ ጥቁሩ ክብ ዘረጋ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

ራጅ አንሺው «ውኃ ነው፣ ወንድሜ» አለው።

«ውኃ ብቻ?»

«ውኃ ብቻ።»

ሹፌሩ የተዘረጋ እጁን ሰበሰበ።

«ባይነኳት ኖሮ ዛሬ ቤቷ ነበረች በለኛ።»