ጩኺልኝ

አታምኑኝ ይሆናል። ግድ የለም። የሆነ ነገር ግን ነው...

ሰውን አለማመን የት እንደሚያደርስ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ከሩብ ነበር። የጤና ጣቢያው መጠበቂያ ክፍል ውስጥ፣ አረንጓዴው ስፖንጅ ወንበር ላይ ከታላቅ እህቴ ጋር ተቀምጠናል።

ሁለታችንም ላውንደሪ ውስጥ ልብስ ተኳሾች ነበርን። እህቴን ካውያ ሲያቃጥላት እንኳ ድምፅ አይወጣትም። አብራን የምትሠራው አጣቢ "ብረቷ" የሚል ስም አውጥታላታለች።

"ብረቷን ካውያ ምን ያደርጋታል? ዘመዷ አይደል!" እያለች ታስቀን ነበር።

እኔም እስቅ ነበር።

ያን ቀን እህቴ ጎኗን ይዛ "ትንሽ አመመኝ" አለች። ይህ ቃል ከአፏ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም።

"ሕመምሽ ከአስር ስንት ይሆናል?" አለቻት ነርሷ።

"ዘጠኝ።"

ነርሷ ቀና ብላ አየቻት። የእህቴ ፊት የረጋ ነው።

"ዘጠኝ የሆነ ሰው እንዲህ አይቀመጥም፣ እህቴ። ተራሽን ጠብቂ።"

ከእኛ በኋላ ጣቱን በር የቀጠቀጠው ሰውዬ እየጮኸ መጣ። ወዲያው አስገቡት።

እህቴ ወደ ጆሮዬ ተጠጋች።

"ሚጡዬ..."

"አቤት እትዬ?"

"ጩኺልኝ።"

"ምን?"

"እኔ አልችልበትም። አንቺ ጩኺልኝ..."

ክፍሉ ሰው ሞልቶታል። አፈርኩ።

"ትንሽ ነው ብለሽ የለ?" አልኳት በሹክሹክታ።

እኔም አላመንኳትም።

ስሟ ሲጠራ አልተነሳችም። ትርፍ አንጀቷ ፈንድቶ ነበር...

ከቀብሯ በኋላ ሥራ በተመለስኩ በሳምንቱ ካውያ እጄ ላይ አረፈ። ቆዳዬ ሲላጥ አየሁት።

አላመመኝም።

ከተሰቀሉት ካፖርቶች ኋላ ግን "እስስስ..." የሚል ትንፋሽ ሰማሁ። በተነከሰ ጥርስ መሃል የሚወጣ ዓይነት።

ካፖርቶቹን ገለጥኩ። ግድግዳ ብቻ።

ለማንም አልተናገርኩም። ማን ያምነኛል?

ባለፈው ሳምንት አጣቢዋ ግንባሬን ነክታ ደነገጠች።

"አንቺ ልጅ፣ እሳት ሆነሻል እኮ! አመድ መስለሽ ቆመሽ ትተኩሻለሽ?"

እየጎተተች ወሰደችኝ። ያው ክፍል። ያቺው ነርስ። የግድግዳው ሰዓት ዘጠኝ ከሩብ ይላል።

"ከአስር ስንት?"

"ምንም አያመኝም።" እውነቴን ነበር።

"ታዲያ ምን ልትሆኚ መጣሽ? በይ ተራሽን..."

ጩኸቱ ከጀርባዬ መጣ።

እህቴ ስትጮህ አንድም ቀን ሰምቼ አላውቅም። ድምፅዋን ግን አወቅኩት።

እሷ አላፈረችም።

የነርሷ እስክሪብቶ ወደቀ። "ማናት...? ማናት የጮኸችው?"

አጣቢዋ ክንዴን ጨብጣ ወደ ኋላ ዞረች።

ወዲያው አልጋ ላይ አጋድመው እየገፉ አስገቡኝ። በሩ ሳይዘጋ አንገቴን አዙሬ አየሁ።

ወንበሩ ባዶ ነበር። አረንጓዴው ስፖንጅ ግን አንድ ቦታ ላይ፣ ሰው እንደተቀመጠበት ሁሉ፣ ሰርጎድ ብሏል...

በሩ ሊገጥም ሲል፣ ስፖንጁ ቀስ ብሎ ተነፋ።