በክብሪት የሚፈተን አረቄ

ሰው አፉ ላይ የሚያደርገውን መጠጥ አስቀድሞ የመመርመር ግዴታ የማን ነው? ከውጭ አገር ኬሚስትሪ ተምሬ አርባ ምንጭ ከተመለስኩ ሦስት ዓመት ሆነኝ፤ መልሱን ግን ዛሬም አላውቀውም።

ሲቀላ ሰፈር ውስጥ እትዬ ፀዳለ አረቄ ይሸጡ ነበር። ድሮ ራሳቸው ያወጡ ነበር፤ እንጨት ሲወደድ ማን እንደሠራው የማይታወቅ፣ በጄሪካን ከመኪና የሚወርድ መግዛት ጀመሩ። አዲስ ጄሪካን ሲከፍቱ ጥቂት ሳህን ላይ አፍስሰው ክብሪት ይጭራሉ። ሰማያዊ ከነደደ ንጹሕ ነው ይባላል።

«እትዬ፣ ገዳዩ አልኮል፣ ሜታኖልም፣ እንዲሁ ነው የሚነደው» አልኳቸው አንድ ቀን።

«የፈረንጅ አገር እሳት ይናገራል እንዴ ልጄ?»

ቤቱ ሳቀ። ኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዝ የሚያለሙት አጎቴ ጋሽ ካሱም ሳቁ። «ተዪው፣ ይሄ ይፍሩ እኮ ውኃም ሳያፈላ አይጠጣም» አሉ።

ናሙና ይዤ ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። እዚያ የሚሠራው ጓደኛዬ ፈቃደ ጠርሙሱን ከሩቅ አየው።

«ንግድ ፈቃዱ እኛ ጋ ነው። ጤናው ጤና ቢሮ ነው።»

«እነሱ ናቸው ወደ እናንተ የላኩኝ።»

«እንግዲያ ባለቤት የለውም። የመጠጥ ኢንዱስትሪውን የሚቆጣጠር የክልል ኤጀንሲ ይቋቋም ብለህ ጥናት ጻፍ፤ እኔ አዋሳ አደርሰዋለሁ።»

ደስ አለኝ። አርባ ገጽ ለመጻፍ ስድስት ወር ፈጀሁ። በዚያ ስድስት ወር እትዬ ፀዳለ ቤት አንድም ቀን አልረገጥኩም። መንግሥት ሲከለክላቸው ይሰማሉ ብዬ ነበር።

ጥናቱን በሰጠሁ በሳምንቱ ጋሽ ካሱ ሙዛቸው መሀል ቆመው፣ በጠራራ ፀሐይ፣ «ዛሬ ምን ዓይነት ጉም ነው የወረደው?» ብለው ጠየቁ። በማግስቱ ጉሙም አልታያቸውም። አብረዋቸው ከጠጡት ሁለቱ ሞቱ።

እትዬ ፀዳለ የተረፈውን ደፍተው ቤቱን ዘጉ። ሄጄ ሳያቸው አላለቀሱም።

«እኔ አላወቅሁም» አሉኝ። «አንተ ግን ታውቅ ነበር። አንዴ ስለሳቅንብህ ኮርፈህ ቀረህ?»



ወገኖቼ፣ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ያስፈልገናል፤ ይህን ዛሬም እላለሁ። ግን መሥሪያ ቤቱ እስኪከፈት አፉን ዘግቶ የሚጠብቅ የተማረ ሰው፣ ጄሪካኑን ካመጣው ነጋዴ በምን ይሻላል? አሁን በገበያ ቀን እየዞርኩ እናገራለሁ። አንዳንዱ ይሰማኛል፣ ብዙው ይስቃል።

ፈቃደ ወደ አዋሳ ተዛውሯል። ባለፈው ሰኔ በስልክ መልእክት ላክሁለት፦ «ጥናቱ የት ደረሰ? ጋሽ ካሱ ‹ያ ወረቀት ተነበበ ወይ?› እያሉ ይጠይቁኛል። ምን ልበላቸው?»

መልእክቱ መድረሱን ስልኬ ነገረኝ። ይኸው ዓመት ሊሞላው ነው።