በጊታሩ አንገት ላይ የቀረው ካፖ

ሟቹ የተገኘው በድምፅ መቅረጫው ክፍል ወንበር ላይ፣ ማዳመጫውን በጆሮው እንዳደረገ፣ ሥራ ያደከመው ሰው እንደሚያንቀላፋ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ነበር። ሐኪሙ «የጄኔሬተር ጭስ ነው» አለ። ሰፈሩ መብራት ጠፍቶበት ውሏል፤ ጄኔሬተሩም ከክፍሉ መስኮት ሥር ቆሟል። አደጋ ነው ብሎ ፋይሉን መዝጋት ቀላል ነበር። መርማሪዋ ግን ጡረታዋ የተቃረበ፣ ጉልበቷን የሚያማት ሴት ናት፤ ቀላል ነገር ማመን ከተወች ቆይታለች።

ሟቹ መዝሙር ደራሲ ነበር። ምእመናን እያለቀሱ የሚዘምሯቸውን መዝሙሮች የጻፈው እሱ ነው፤ ስሙን ግን ማንም አያውቀውም። ዝነኛው ዘማሪ በየመድረኩ «ይህን ጌታ ሰጠኝ» ይላል። ሰጥቶት ይሆናል፤ ግን በሰው እጅ ነው የሰጠው! መዝሙር ከሰማይ ይወርዳል ብለው የሚምሉ ሰዎች ወርዶ ያረፈበትን የጎበጠ ጀርባ አያዩም፤ ማየትም አይፈልጉም።

«ሲጽፍ እንዴት ነበር፣ እትዬ?» ስትል መርማሪዋ የሟቹን ታላቅ እህት ጠየቀቻት።

«በሩን በርግዶ፣ ማራገቢያውን ለቆ ነው፣ ልጄ። ሙቀት አይችልም። ወደ ገበያ ስወጣ የአዲሱ መዝሙር መጨረሻ እምቢ ብሎት ሲያጉረመርም ነበር። ስመለስ…» ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች። «እሁድ በጉባኤው ፊት የመዝሙሮቹ ደራሲ ተብሎ ስሙ ሊጠራ ነበር። ለዚሁ ብዬ አዲስ ሸሚዝ ገዝቼለት ነበር እኮ።»

መርማሪዋ ክፍሉን ዞረች። ማራገቢያው ጠፍቷል። በሩ ላይ በውጭ በኩል ወፍራም ብርድ ልብስ ተሰቅሏል። በጊታሩ አንገት ላይ ክሮቹን ቆንጥጦ ቃናውን ለቀጭን ድምፅ ከፍ የሚያደርገው ካፖ፣ ፍሬት በሚባለው የአንገቱ ሦስተኛ እርከን ላይ ነክሷል። ድምፁ የሚቀዳበት የመቅረጫው ካርድ የለም። የተረፈው ግጥሙና ከላዩ የተጻፉት ኮርዶች ናቸው፤ ዜማው ወረቀት ላይ አልሰፈረም። ካፖውን ፎቶ አንስታ ፈታችና ኪሷ ከተተችው።

የመዘምራኑ መሪ መላጣ፣ ድምፀ ጎርናና ሰው ነው።

«ስሙን እስከ ዛሬ ያልጠራችሁት ለምንድን ነው?»

«ሰላም እንዳይደፈርስ ብለን…»

«የማን ሰላም?»



ድምፀ ቀጭኑ ዘማሪ ሽቶው ቀድሞት ገባ። «ወንድሜ ነበር! እዚያ ክፍል ከረገጥኩ ወር አልፎኛል። አዲሱን መዝሙርም አልሰማሁትም፤ ጌታ ያውቃል።»

«እሱማ ያውቃል፤ ችግሩ የማላውቀው እኔ ነኝ።»

በማግስቱ ሦስቱን እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸውና ጊታሩን ለመሪው ሰጠችው። «ከወረቀቱ እያየህ ሞክረው።»

መሪው ዜማውን በግምት አንጎራጎረ። ዘማሪው ተቁነጠነጠ፤ ግንባሩን ቋጠረ፤ መጨረሻ ላይ አልቻለም።

«ኧረ አታበላሸው! መጨረሻው ይወጣል እንጂ አይወርድም! ካፖውንም ሦስተኛው ላይ እሰረው!»



«አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም» አለች መርማሪዋ በድካም። መሪው ሳያስበው መላጣውን ዳሰሰ። «ማራገቢያ የሚጠፋው መቼ ነው?»

«ድምፅ ሲቀረጽ» አለ መሪው፤ «ማይኩ ጩኸቱን ይይዘዋል። ብርድ ልብስም በበሩ ላይ በውስጥ በኩል እንሰቅላለን።»

«ይሄ የተሰቀለው በውጭ ነው። የሰቀለው ሰው ወጥቷል ማለት ነው። ሟቹ ለራሱ ድምፅ ካፖ አያስፈልገውም፤ ዝቅ አድርጎ ነው የሚያጉረመርመው። ያንተም ድምፅ ወፍራም ነው። እትዬ ገበያ ነበሩ፤ ሲወጡም የመዝሙሩ መጨረሻ ገና አልተገኘም።» ወደ ዘማሪው ዞረች። «አልሰማሁትም ያልከውን መጨረሻ አሁን አረምከው። ፈትቼ ኪሴ የከተትኩትን ካፖም ቦታውን ነገርከኝ። ዘምረህ ቀረጽክ፤ ‹እስኪ አዳምጠው› ብለህ ማዳመጫውን አስደረግከው። ጆሮው ተደፍኖ ሳለ ካርዱን ይዘህ ወጣህ፤ በሩን ጋርደህ ጄኔሬተሩን ወደ መስኮቱ ጎተትከው።»

«ካርዱን ይዞ ከወጣ ምን ያዳምጣል?» አለ መሪው።

«ካርዱን የወሰደው ተመልሶ ነው» አለች እህቱ በቀስታ። «ከሞተ በኋላ።»

መርማሪዋ አንገቷን ነቀነቀች። «እውነትዎን ነው፣ እትዬ። ይሄ ደግሞ ይብሳል።»

ዘማሪው ወንበሩ ላይ ሟሸሸ። «እሁድ ስሙ ሲጠራ ‹ጌታ ሰጠኝ› ያልኩት ሁሉ ውሸት ሊሆን ነው። ሰው ምን ይለኛል?»

«ካርዱስ?»

«አቃጠልኩት።»

ፖሊሶቹ ሲያስነሱት እህቱ መሪውን ትክ ብላ አየችው። «አንተስ እሁድ ምን ልትል ነው?»

«ስሙን እጠራለሁ፣ እትዬ።»

«እሁድ ሩቅ ነው። አሁን ጥራው።»

መሪው ጉሮሮውን ጠርጎ የሟቹን ስም ከነአባቱ ጠራ። ከዚያ ካፖ ሳያስር፣ ሟቹ ያጉረመርም በነበረው ዝቅተኛ ድምፅ መዝሙሩን ጀመረ። መጨረሻው ላይ ሲደርስ ግን ጣቶቹ ቆሙ። ዜማው እንዴት እንደሚወጣ የሚያውቀው ብቸኛ ሰው በካቴና ታስሮ ደረጃውን እየወረደ ነበር።