ከጊታሩ የተቆረጠች ሽቦ

በአንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ስልሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ በሰኔ ወር መባቻ፣ የድንበሩ ጦርነት ሁለተኛ ዓመቱን ሊደፍን ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ከጦር ሰፈሩ አጥር ማዶ ባለው የአናጢዎች መንደር የመጋዝ ድምፅ ከወትሮው በርትቶ ነበር፤ የሚሠራው ግን አልጋም ቁምሳጥንም አልነበረም፤ የሬሳ ሣጥን ነበር፤ ለማን እንደሆነ የሚጠይቅም አልነበረም።

ከአናጢዎቹ አንዱ ብቻ በዚያ ሰሞን ሣጥን አልሠራም። ሰው ሁሉ «ውኃ ልክ» ይለዋል፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሜትር ሳይዘረጋ በዓይኑ ለክቶ ሲቆርጥ አንድም በር ተንጋድዶበት፣ አንድም ጠረጴዛ ተወላግዶበት አያውቅምና። ምስጋና የሚወድ፣ ምክር የሚጠላ ሰው ነበር።

በመሥሪያ ጠረጴዛው ላይ የተጋደመው የኤሌክትሪክ ጊታር ነው፤ ይልቁንም የጊታር ሬሳ። ወንድ ልጁ በጦር ሰፈሩ የሙዚቃ ጓድ ጊታር ይጫወታል፤ መሣሪያውን የጭነት መኪና ወደ ኋላ ሲል ጨፍልቆት አንገቱና ጥቂት ብረቶቹ ብቻ ተርፈዋል። በአሥር ቀን ውስጥ ጄኔራሉ መጥተው ጓዱን ይሰማሉ፤ ከወደዱት ይሰነብታል፤ ካልወደዱት ተጫዋቾቹ ጠመንጃ ታድሏቸው ወደ ግንባር ይሄዳሉ። የጓዱ አዛዥ ሻለቃ ነገሩን ሳያድበሰብሱ ነግረውታል።

«አባ ውኃ ልክ፣ ጊታር የሌለው ጊታር ተጫዋች ለእኔ እግረኛ ወታደር ነው። ልጅዎን ከወደዱ ይሥሩለት።»

ውኃ ልክ የቁምሳጥን በር ነቅሎ የጊታሩን ገላ ቀረጸ። ሴት ልጁ ራድዮ ጠጋኝ ናት፤ ማንም ሳያስተምራት የተበላሸ እየፈታታች የተማረች። እሷም ከአሮጌ ድምፅ ማጉያ ማግኔት አውጥታ እንደ ፀጉር የቀጠነ ሽቦ ጠመጠመችበት፤ የክሩን ንዝረት የሚሰማው ጆሮ ይኸው ነው አለች።

ክሮቹ ከታች የሚያርፉበትን ብረት ግን ውኃ ልክ ለዓይኑ ባማረው ቦታ፣ ከገላው መካከል ላይ በብሎን አጠበቀው። ክሩ ተወጥሮ ሲሞከር ባዶው ድምፅ ደህና ነው፤ ጣት በአንገቱ ላይ ወደ ገላው በተጠጋ ቁጥር ግን ዜማው እየተንሻፈፈ ሄደ።

«አባባ፣ ይሄን በምን ለኩት?» አለች ልጁ።

«በዓይኔ። ምን ሆነ?»

«ዓይን ምን ይሰማል? ከአንገቱ ጫፍ እስከ አሥራ ሁለተኛው የጣት መስመር ያለው ርዝመት፣ ከዚያ እስከ ብረቱ ካለው ጋር እኩል መሆን አለበት። እርስዎ ሁለት ጣት አሳጥረውታል።»

«ሁለት ጣት ዝቅ ካለማ መልኩ ጠፋ! እምብርቱ ጉልበቱ ላይ የወረደ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«ልብ ካላየ ዓይን አያይም አሉ። እንዲዘፍን ነው ወይስ እንዲዳር ነው የሚሠሩት?»

ብረቱን ነቅሎ ዝቅ አደረገው፤ የድሮዎቹን ቀዳዳዎች በእንጨት ደፈናቸው። በሠላሳ ዓመት ሥራው ላይ መጣፊያ ታይቶበት የማያውቅ ሰው ነውና፣ ያቺ ምስር የምታህል ውታፍ እንደ ስንጥር ወጋችው።

በዘጠነኛው ቀን ልጁ ሽቦዎቹን በያይዳ ስትጨርስ፣ አንዲት ቀጭን ሽቦ በብረቱ ሥር ተንጠልጥላ ቀረች። «ይቺን አደራ እንዳይነኩብኝ፤ ቫርኒሹ ሲደርቅ እመለስባታለሁ» ብላ፣ የቁስለኞች ስም የሚጠራበትን ድምፅ ማጉያ ልትጠግን ወደ ሆስፒታሉ ሄደች። ሽቦዋ ለምን እንደምትጠቅም አልነገረችውም፤ እሱም ሴት ልጁን ጠይቆ መማር ሞት መስሎት አልጠየቀም። ቫርኒሹን ሲቀባ ሽቦዋ እየተጣበቀች ጫረችበት። በአናጢ ሕግ ደግሞ ከገጽ ወጥቶ የታየ ሁሉ ይቆረጣል። በፒንሳ ቀነጠባት፤ ቁራጯን ከሽርጡ ኪስ ከተተ፤ የጊታሩን የኋላ ክዳን ገጥሞ አሸገው።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ ልጅት ስትመለስ ወንድሟ ወታደራዊ ልብሱን ለብሶ ጊታሩን ታቅፏል። በመንደሩ መብራት ከጠፋ አራት ቀን ሆኗል፤ መሞከሪያ የለም።

«አባባ፣ ሽቦዋን ከብረቱ ጋር አያያዟት?»

«አልቋል አልኩሽ! ደግሞ በእጄ ሥራ ልትገቢ ነው?»

ብሎን መፍቻዋን አነሣች፤ ወንድሟ እጇን ያዘ። «እታለም፣ መኪናው ቆሞ ይጠብቀኛል። አባባ አልቋል ካሉ አልቋል።»

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ከሰዓት በኋላ ውኃ ልክ ራሱ ከሠራው መድረክ ጀርባ ቆሞ ነበር። ጄኔራሉ ከነመኮንኖቻቸው ተቀምጠው ጊታሩን ሲያዩ «መልካም እጅ ነው» አሉ፤ የአናጢው ደረት ሰፋ። ከዚያ ማጉያው ተከፈተ። በገንቦ የታፈነ የንብ መንጋ የመሰለ ጉርምርምታ ሜዳውን ሞላው፤ ልጁ ክሩን ቢይዝ ቢለቅ፣ ቁልፉን ቢያዞር ዝም የሚል አልሆነም፤ መለከቱም ዘፋኙም በዚያው ሰጠሙ።

«ሻለቃ፣ ይኼ ሙዚቃ ነው ወይስ ወፍጮ ቤት?» አሉ ጄኔራሉ። መኮንኖቹ ሳቁ። «ለእነዚህ ልጆች ጠመንጃ ይሻላቸዋል፤ እሱ ሲጮኽ ቢያንስ ምክንያት አለው።»

የውኃ ልክ እጅ ከሽርጡ ኪስ ገብታ ቁራጯን ሽቦ አገኘቻት። ልጁ «ከብረቱ ጋር አያያዟት?» ያለችው ለምን እንደሆነ በዚያች ቅጽበት ገባው፤ ጉርምርምታውን የምታፍነው ያቺ ሽቦ ነበረች፤ የፈሰሰ ውኃ ግን አይታፈስም።

ልጁ በሦስተኛው ቀን ዘመተ። መኪናው ላይ ሆኖ ጊታሩን ለአባቱ እያቀበለ «አያስቡ አባባ፣ መልኩንማ ጄኔራሉም አመስግነውታል» አለ፤ ለማጽናናት ነበር። በኅዳር መርዶው መጣ፤ ሬሳው አልመጣምና፣ የአናጢ ልጅ ሆኖ ሣጥን እንኳ አልተሠራለትም።

ጦርነቱ ካበቃ ከስምንት ዓመት በኋላ፣ ልጅት በጦር ሠራዊቱ መዝገብ ቤት ራድዮ ስትጠግን፣ አቧራ የጠገበ አንድ ፋይል አየች፤ ጓዱ እንዲበተን የተሰጠው ትእዛዝ ነበር። ቀኑን ሁለት ጊዜ አነበበችው፤ ጄኔራሉ ጓዱን ሊሰሙ ከመምጣታቸው ከአራት ቀን በፊት የተፈረመ ነው። እየሮጠች ወደ ቤት ገባች።

«አባባ! ቢጫወቱም ባይጫወቱም ውሳኔው አልቆ ነበር። እርስዎ የሉበትም!»

ሽማግሌው ከዚያ ሰኔ ወዲህ በዓይኑ ለክቶ አያውቅም፤ ለአንዲት በርጩማ እንኳ ሦስት ጊዜ ሜትር ይዘረጋል። ቀና ሳይል ሰማት።

«ወረቀቱን የፈረሙት እነሱ ይሁኑ» አለ። «አልቋል ያልኩሽ ግን እኔ ነኝ።»

የዚያ ጦርነት ታሪክ በሦስት ጥራዝ ተጽፏል፤ የጄኔራሉ ፎቶግራፍ በመጀመሪያው ገጽ አለ፤ ስለ ሙዚቃ ጓዱም «በሰው ኃይል እጥረት ምክንያት ተበተነ» የሚል ግማሽ መስመር ሰፍሯል። ጊታሩ በአናጢው ግድግዳ ላይ ዛሬም ያበራል፤ መልኩን ያላደነቀ እንግዳ የለም፤ እንዲከፈት የጠየቀ ግን እስካሁን አልተገኘም።