«ደህና ነኝ» ያሉት ሽማግሌ

«አንድ ቃል እንዳትተነፍሺ!» አለች ታላቅ እህቷ፣ መኪናውን ግቢ አስገብታ እንዳቆመች።

ታናሺቱ የደብተር ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አጥብቃ እንደያዘች ቀረች። ያ የግጭት ድምፅ ከጆሮዋ አልወጣም። ከትምህርት ቤት ሲመለሱ፣ መታጠፊያው ላይ፣ እህቷ ብስክሌት የሚነዱ አንድ ሽማግሌ ገጭታ ነበር። ሽማግሌው እየተንገዳገዱ ተነሡና ልብሳቸውን አራግፈው፣ «ደህና ነኝ ልጆቼ፣ ሂዱ» አሉ። እህቷም ከመኪናው እንኳ ሳትወርድ እግሬ አውጪኝ አለች።

«ጆሯቸው ሥር ደም ነበር» አለች ታናሺቱ።

«አታካብጂ! ራሳቸው ደህና ነኝ ብለዋል እኮ።»

«ለመንጃ ፈቃድ ፈተና ያስጠናሁሽ እኔ አይደለሁ? ሰው ከተጎዳ መቆም፣ መርዳት፣ ለፖሊስ ማሳወቅ ግዴታ ነው። እሳቸው ሂዱ ስላሉን አይቀርም።»

«አሁን ብናገርማ ገጭታ አመለጠች ነው የሚሉኝ! ቢያስሩኝስ? እማዬስ? ቁልፉን ሳላስፈቅዳት ነው ያነሣሁት።»

እህቷ ጨርቅ አርሳ የመኪናውን ፊት ትፈትግ ጀመር። ጭረቱ ግን አልለቅ አለ። ድንገት ከዋናው መንገድ የአምቡላንስ ጩኸት ተሰማ። ሁለቱም ባሉበት ደርቀው ቀሩ። ጩኸቱ ቀረበ፣ በደጃቸው አልፎ ወደ መታጠፊያው አቅጣጫ ራቀ።

«ለሌላ ሰው ይሆናል» አለች እህቷ። ፊቷ አመድ መስሏል።

ለታናሺቱ ሽማግሌው አስፋልት ዳር ተዘርግተው ታዩዋት። ብትናገር እህቷን አሳልፋ መስጠቷ ነው። ዝም ብትልስ? ሆስፒታል ቢወሰዱ እንኳ ሐኪሙ ምን እንደደረሰባቸው በምን ያውቃል?

ስልኳን አውጥታ ደወለች።

«አቤት፣ ትራፊክ ፖሊስ።»

«አደጋ... አደጋ ለማሳወቅ ነው። መታጠፊያው ላይ፣ ዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት፣ አንድ አባት ገጭተናል። ጭንቅላታቸውን ሳይመቱ አልቀሩም።»

«ማን ነበር የሚነዳው?»

እህቷ ጨርቁን እንደያዘች አፍጥጣ ታያታለች፤ እንባዋ ይወርዳል፣ ራሷን ግራና ቀኝ ትነቀንቃለች። ታናሺቱ ስልኩን ወደ እሷ ዘርግታ ጠበቀች።

«ሃሎ? ትሰሚኛለሽ?» አለ ድምፁ።

እህቷ እርጥብ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገችና ስልኩን ተቀበለች።

«እኔ ነኝ» አለች።