ከደጅ የቆሙት ሰባት ሰዎች

ይበልጣል የመንገድ ቀያሽ ነው፤ እንጀራው ከዚያ ነው። ፍቅሩ ግን ሌላ ነው። ከሥራ በተረፈው ሰዓት ሁሉ፣ ባሕር ዳር ካለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ፣ መስኮቱ ሥር ካለችው ጠረጴዛ ተጎልቶ የኮምፒውተር ጌም ይጽፋል፤ ተጫዋቹ የአንድ ገበሬ ሚና ይዞ መንደር ውስጥ የሚኖርበት ጌም። ሦስት ዓመት ሙሉ የመንደሩን ሰዎች ንግግር አንድ በአንድ የጻፈው እሱ፣ የጎጆዎቹን ጭቃ የቀባው እሱ፣ የውሻውን ጩኸት ከጎረቤት ውሻ በስልኩ የቀዳው እሱ። ሚስቱ ውባለም "ሁለተኛ ሚስት አገባህብኝ እኮ!" እያለች ታሾፍበታለች፤ እሱም ይስቃል።

የሚኮራበት ነገር ቢኖር መርዶው ነው። የፈረንጆቹ ጌም ውስጥ ሰው ሲሞት ሞተ፣ አለቀ። በእሱ መንደር ግን ነገሩ እንደ አገሩ ወግ ነው። ሰው ከቤቱ ርቆ ሲሞት ጎረቤት ሁሉ ያውቃል፣ የማያውቀው ቤተሰቡ ብቻ ነው። ነገሩ ይደበቃል፤ ሰላምታው ይበዛል፣ ሳቁ ይቀንሳል። ከዚያ አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ ሰባት ሰዎች ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ከደጅ ይቆማሉ፣ ሽማግሌው "ቤቶች!" ብሎ ይጣራል። ሽማግሌውን የቀረጸው የእድራቸውን ዳኛ፣ ሁለተኛ ፎቅ የሚኖሩትን ጋሽ እርቂሁንን አይቶ ነው፤ ከነከዘራቸው፣ ከነሳላቸው። ለቤቱም ብዙ አልደከመም። የራሱን ቤት ገልብጦ አንድ ባልና ሚስት አስቀመጠበት።

ሐሙስ ዕለት ከመስክ ሲመለሱ ቁልቁለቱ ላይ መኪናዋ አስደንግጣቸው ነበር። ሾፌሩ አጥናፉ "ፍሬን እምቢ አለኝ!" ብሎ ሲጮህ ትዝ ይለዋል፣ አቧራው ትዝ ይለዋል፤ ከዚያ ወዲያ ደረጃውን እንዴት እንደወጣ እንኳ ልብ ሳይል ጠረጴዛው ጋ ነበር። "ተመስገን፣ ይቺንም አለፍን" አለና ላፕቶፑን ከፈተ። ውባለም አላናገረችውም። በጊዜ እመጣለሁ ብሎ ስላመሸባት ያኮረፈች መሰለው። የሰባት ወር እርጉዝ ስለሆነች ሊነካካት አልፈለገም።

አርብ ጠዋት በጌሙ ውስጥ የመንደሩ ሰዎች አልሳቁም። ወፍጮ ቤት ያለችው ሴትዮ፣ ያገኘችውን ሁሉ በነገር ሸንቆጥ ሳታደርግ የማታልፈው፣ ያን ቀን አንገቷን ደፍታ "ደህና ናችሁ? ቤቱ ደህና? ከብቱ ደህና? እሷስ እንዴት ናት?" አለች። የመጨረሻዋን ጥያቄ ይበልጣል አልጻፋትም። የጻፈውን ሁሉ ከላይ እስከ ታች ፈለገ፣ የለችም። ቀና ሲል ክፍሉ የተቃጠለ ፍሬን ይሸታል፤ ሸሚዙ ላይ ያለው አቧራ ቢያራግፈውም ቢያራግፈውም አይለቅም። እኩለ ቀን ላይ መብራት ሄደ፣ ፍሪጁ ተንገጫግጮ ዝም አለ፤ የላፕቶፑ ባትሪ ግን ከድሮም ግማሽ ሰዓት የማይዘልቀው፣ እስከ ማታ ሳይጠፋ ቆየ።

ከጀርባው ውባለም ስልክ ትደውላለች። ታዳምጣለች፣ ትዘጋለች፣ እንደገና ትደውላለች። "ምነው አታነሳም?" ትላለች ለራሷ።

ያኔ ነው ነገሩ ለይበልጣል የገባው። ዳንግላ ያሉት አባቷ! ከፋሲካ ጀምሮ የአልጋ ቁራኛ ናቸው። ወይ ጉድ፣ ሰውየው ሞተዋል ማለት ነው፤ ጎረቤቱ ሰምቶ እየደበቃት ነው። የመጀመሪያው ጽንስ የወረደባት የእናቷን መርዶ በሰማች በማግሥቱ ነበር። ይቺኛዋን ካጣች ውባለም ውባለም አትሆንም። መንደሩ ይህን ከየት እንዳወቀ መጠየቅ እንኳ ፈራ፤ ብቻ ሳትወልድ እንዳትሰማ ማድረግ አለበት።

ወደ ጌሙ ሲመለስ ሰባቱ ከባልና ሚስቱ ቤት ደጅ ቆመዋል፣ ነጠላቸው ተዘቅዝቋል። አንድ መስመር ጻፈ፦ ይህ በር ለማንም አይከፈትም። ሰዎቹ ከቆሙበት አልተነቃነቁም፤ ግን ፊታቸውን ከበሩ አዙረው በላፕቶፑ መስታወት ውስጥ እሱን ያዩት ጀመር።

"ጋሽ እርቂሁንን ሄጄ ልለምናቸው" ብሎ ተነሳ። ቁልፉን አዞረ፤ ቁልፉ ይዞራል፣ መወርወሪያው ግን ንቅንቅ አይልም። በትከሻው ገፋው። በቡጢ ደበደበው፤ የገዛ ቡጢው ድምፅ ለጆሮው ትራስ የሚመታ ያህል እንኳ አልተሰማውም። በቀዳዳው ሲያይ የፊት ለፊቷ ጎረቤት ደረጃውን እየወጣች ነው። "እትዬ! በሩ እምቢ አለኝ!" አለ። ሴትየዋ ከበራቸው ፊት ቆም ብላ ከንፈሯን መጠጠችና አለፈች። ተመልሶ የጻፋትን መስመር አጠፋት። ተመልሳ መጣች። አሥር ጊዜ አጠፋት፣ አሥር ጊዜ ተመልሳ መጣች፤ መስኮቱም ያው እንደ በሩ ነው፣ እጀታው እንደ ሥዕል ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ቀረ። ውባለም ለአንድ ሰው እራት አቅርባ ሳትቀምሰው አነሳችው፤ ስታልፍ የወንበሩን መደገፊያ ዳሰስ አድርጋ በረጅሙ ተነፈሰች። የታረቀችው መሰለውና ዓይኑ እንባ አቀረረ።

ቅዳሜ ሊነጋጋ ሲል ሽማግሌውን ከጌሙ ሊሰርዝ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሳለ ሳል ሰማ። ከላፕቶፑ አይደለም።

"ቤቶች!"

"ውቤ፣ አትክፈቺ! በልጃችን ይዤሻለሁ!"

ለእሱ እምቢ ያለው መወርወሪያ ለእሷ ጠቅ ብሎ ተከፈተ። ጋሽ እርቂሁን ከዘራቸውን እያንኳኩ ገቡ፣ የፊት ለፊቷ ጎረቤት ገባች፣ ሌሎቹም ተከታተሉ፤ ሁሉም ነጠላቸውን ዘቅዝቀዋል። ይበልጣል ቆጠራቸው፤ ስድስት።

"ጋሼ፣ በሞቴ አይንገሯት" አለ ከተቀመጠበት። "እርጉዝ ናት። እኔ ቀስ ብዬ እነግራታለሁ።"

ሴቶቹ በአጠገቡ አልፈው ውባለምን በግራና በቀኝ ያዟት። ሰባተኛው ሰው በመጨረሻ ገባ፤ ሾፌሩ አጥናፉ ነው፣ ግንባሩ በፋሻ ተጠቅልሏል፣ የይበልጣልን የመስክ ቦርሳ ደረቱ ላይ አቅፏል።

"እስቲ አረፍ በይ፣ ልጄ" አሉ ጋሽ እርቂሁን። እሳቸውም የሚቀመጡበት ፈለጉና፣ ይበልጣል የተቀመጠበትን ወንበር ባዶ አግኝተው ተቀመጡበት።